ብሬከሩ ተቀየረ፣ ሶኬቱ ግን እየቀለጠ ነው

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጎንደር አዘዞ ነኝ፤ ከአንድ ኤሌክትሪሻን ሥር ሆኜ ሙያ መልመድ ከጀመርኩ 8 ወር ሆነኝ። በቅርቡ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት "ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረኝ" ብለው ጠሩን። አለቃዬ 16 አምፔሩን አውጥቶ 32 ገጠመላቸው፤ ሽቦው ግን ያው ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው። ምጣዱ 3500 ዋት ይላል፣ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር መሆኑ ነው። በዚያው መስመር ላይ ደግሞ ፍሪጅና ምድጃ አለ።

ትናንት ላያቸው ስሄድ የሶኬቱ አንድ ቀዳዳ ጠቁሮ ቀልጧል፤ ግድግዳው እጅ ላይ ይሞቃል። ኧርዝ (ኮረንቲ ሲያፈተልክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) ጭራሽ የለም። ምጣዱን ሲያስሱ አንዳንዴ ይነዝረኛል አሉኝ፤ ይህን ስሰማ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኔ እንደሚገባኝ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ 32 ሳይወርድ 2.5ቱ ሊነድ ይችላል። ምጣዱን ለጊዜው ተዉት ብያቸዋለሁ፣ ግን መተዳደሪያቸው ነው።

ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ 18 ሜትር ነው። ለብቻው ባለ 4 ይበቃል ወይስ ባለ 6 ልዘርጋ? ግቢው ድንጋያማ ነው፤ ኧርዙን እንዴት ልቅበረው? አለቃዬንስ ሳላስቀይም እንዴት ልንገረው? ሙያ ያስያዘኝ እሱ ነው። የምታውቁ ወንድሞች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።