የውሃ ኩባንያ ሲያጠፋ የሚከፍለው ማነው?

መነሻ፦ የእንግሊዝ የውሃ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ወደ ግል ሲዛወሩ ዕዳቸው ተሰርዞላቸው ነበር። ዛሬ ትልቁ፣ ቴምስ ዋተር፣ በዕዳ ተዘፍቋል። ፍሳሽ ወደ ወንዝ ይለቃል፣ የደንበኛው ሒሳብ ደግሞ ይጨምራል። መንግሥትም ተቆጣጣሪውን ኦፍዋትን አፍርሶ በሌላ እንደሚተካ በ2025 አስታውቋል። አዲስ ተቆጣጣሪ ይበቃል ወይስ ኩባንያዎቹን መውረስ ነው?

ወንዝ ዳር፦ መውረስ ነዋ! ውሃ እንደ ስልክ አይደለም፣ አልተመቸኝም ብለህ ሌላ ጋ አትሄድም። ቤትህ የሚገባው ቧንቧ አንድ ነው። መሄጃ በሌለው ደንበኛ ላይ ማትረፍ ምኑ ንግድ ነው? ስኮትላንድ ውሃው የሕዝብ ነው፣ ምን ሆኑ?

ሒሳብ አዋቂ፦ ስኮትላንድ ስትል ቀስ በል። እንግሊዝ ውስጥ ዝናብ ሲበዛ ፍሳሽ የሚለቀቅባቸው መውጫዎች በሙሉ በ2023 መጨረሻ መቆጣጠሪያ ተገጥሞላቸዋል። መቼ እንደጀመረ፣ ስንት ሰዓት እንደፈሰሰ ይመዘገባል። ስኮትላንድ እዚያ ገና አልደረሰችም፣ ንጹህ የመሰለን ስላልተቆጠረም ሊሆን ይችላል። የዌልሱ ኩባንያ ደግሞ ባለአክሲዮን የለውም፣ ትርፍ አያከፋፍልም። ግን ከቧንቧ የሚባክነውን ውሃ አሳንሶ ሪፖርት ሲያደርግ ተገኘና በ2024 ወደ 40 ሚሊዮን ፓውንድ አስከፈለው። ባለቤት ስለተቀየረ ውሸት አይቀርም።

ጠብታ፦ ሁለታችሁም ደንበኛውን ረሳችሁት። ቴምስ ዋተር በሜይ 2025 ወደ 122.7 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። ከዚያ ውስጥ 18.2 ሚሊዮኑ ያላግባብ ለከፈለው የትርፍ ድርሻ ነው። ኦፍዋት ይህ ከደንበኛ ኪስ አይወጣም ብሏል፣ ወረቀት ላይ ልክ ነው። ግን ቅጣቱን እንኳ ቀስ እያለ እንዲከፍል ነው የተስማሙለት። ወንዙ የተበከለበት ሰው ከዚህ ምን አገኘ? ምንም!
እኔ የምወደው አንዲት ትንሽ ሕግ አለች። ባለሙያው እመጣለሁ ብሎ ቀጥሮህ ከቀረ፣ ኩባንያው ላንተ ይከፍላል። 20 ፓውንድ ነበር፣ በ2025 40 ሆነ። ማመልከቻ የለ፣ ደጅ መጥናት የለ፣ ገንዘቡ ሒሳብህ ላይ ይገባል። ፍሳሽ በተለቀቀ ቁጥር የአካባቢው ሰው ሒሳብ እንዲሁ በራሱ ይቀነስ ነው የምለው።

ተው እንጂ፦ በ40 ፓውንድ ማን ይደነግጣል? ሌላው የውሃ ኩባንያ፣ ሳውዘርን ዋተር፣ በ2021 90 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ፣ ጥፋቱ ግን ከ2010 እስከ 2015 የተሠራ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! እኔ ኩባንያው ሲያጠፋ የሥራ አስኪያጁን ቦነስ የሚከለክለውን የ2025 ሕግ ነው የምደግፈው። ወዲያው ስድስት ኩባንያዎችን ነክቷል።

ሒሳብ አዋቂ፦ ቦነስ ሲከለከል ደመወዝ ይጨመራላ። ቦርዱ እንደሆነ የራሳቸው ነው።

ጠብታ፦ ተው እንጂ፣ 40ውን ለመቶ ሺህ ቤት አባዛው፣ አራት ሚሊዮን ነው። ያውም ከስድስት ዓመት ክስ በኋላ ሳይሆን በሚቀጥለው ሒሳብ ላይ። አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ አለብን። የውሃ ዋጋ ጣሪያ የሚወሰነው በየአምስት ዓመቱ ነው። ካሳው እንደ ወጪ ተቆጥሮ እዚያ ውስጥ ሾልኮ ከገባ መልሰን እኛው ከፈልነው ማለት ነው። ይህን በሕግ መዝጋት ያስፈልጋል።

ወንዝ ዳር፦ እሺ፣ ካሳው በዝቶበት ቢከስርስ? ውሃው ይቆረጥ?

ጠብታ፦ አይቆረጥም። ለዚሁ የተዘጋጀ ልዩ አስተዳደር የሚባል ሥርዓት አለ፣ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄዶ አስተዳዳሪ ያሾማል፣ ውሃው እየፈሰሰ ኩባንያው ይደራጃል። ኪሳራውን ያበደሩት ይቻሉት፣ ሲያበድሩ ማጣራት ነበረባቸው።

ወንዝ ዳር፦ ታዲያ ዞሮ ዞሮ መንግሥት ገባበት አይደል? እኔ ምን አልኩ?