ቡንዲ በሽሮ ይሰራል እንዴ?

ጠያቂ፣ ከሻርጃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎረቤቶቼ ህንዶች ናቸው፣ ጉጃራቶች። ለዲዋሊ በዓላቸው አንድ ሳህን ሙሉ አመጡልን። ግማሹ አተር የምታክል ቢጫ ጥብስ ነው፣ ጨው ያላት፣ ኩርሽምሽም የምትል። ግማሹ ደግሞ ያችው ፍሬ በስኳር ተለውሳ ተድበልብላለች። ፍሬዋን ቡንዲ፣ ድብልብሏን ላዱ አሉኝ። ከሽምብራ ዱቄት ነው ሲሉኝ እናቴ የላከችልኝ ሽሮ ትዝ አለኝና ዓርብ ለት ሞከርኩት። ጉድ ሆንኩ! ዘይቱ ውስጥ ብትንትን አለ፣ አረረ፣ ቤቱ በጭስ ታፈነ። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ 1፦
እረ እህቴ፣ የእናት ሽሮ እንዲህ አይባክንም! ሽሮ የተቆላ ነው፣ ላዩ ላይ በርበሬና ቅመም አለው፣ ቶሎ ያረረብሽም ለዚህ ነው። ቡንዲ የሚሰራው ካልተቆላ የሽምብራ ክክ ዱቄት ነው፤ ቤሰን በይ፣ የህንድ ሱቅ ውስጥ አታጪውም። አራት ዓመት ህንዶች ቤት ሰርቻለሁ። ለአንድ ኩባያ ቤሰን ሩብ የጎደለ ኩባያ ውሃ፣ ጨው፣ ቁንጥር እርድ። ዘይቱ ሲግል ብስ ብስ ያለውን ጭልፋ ከላዩ ትንሽ ከፍ አድርገሽ ያዢና ሊጡን አፍሺበት፣ ራሱ ይንጠባጠባል። ስሙም ከዚያ ነው፣ ቡንድ በህንድኛ ጠብታ ማለት ነው። ጠፍጣፋ ከሆነብሽ ሊጡ ቀጥኗል፣ ጭራ ካወጣ ወፍሯል። በየዙሩ የጭልፋውን ስር ጥረጊ፤ እኔ ይሄን ረስቼ ስንቴ ተቆጥተውኛል።

መልስ 2፦
ለላዱ ከሆነ ኩርሽም እስኪል አትጠብቂ፣ ለስለስ እንዳለ አውጪው። ስኳሩን በውሃ አፍይና በሁለት ጣትሽ ስትስቢው አንድ ክር ሲሰራ ሄል ጨምረሽ ቡንዲውን ክተችው። ሞቅ እንዳለ አድበልብይ፣ ከቀዘቀዘ አይያያዝም። ቲሩፓቲ በሚባለው ትልቁ ቤተ መቅደሳቸው የሚታደለውም ላዱ ከዚሁ ከቡንዲ ነው። ጨዋማውን ግን እርጎ ውስጥ ጨምሪውና ብይው፣ ለእኔ ከጣፋጩ ይበልጣል።

መልስ 3፦
ለጾም ይሆናል?

መልስ 1፦
በዘይት የተጠበሰው ጨዋማው ይሆናል። ላዱን ግን ብዙ ጊዜ በቅቤ ነው የሚጠብሱት፣ ከሰው ቤት ከመጣልሽ ጠይቂ። ደግሞ ሊጡ ላይ ነጭ አዝሙድ ጣል አድርጊ። እነሱ አጅዋይን ይሉታል እንጂ ያው የኛው ነው።

ጠያቂ፦
ሰራሁት! ብስ ብስ ያለ ጭልፋ ስለሌለኝ በካሮት መፈቅፈቂያ ነው ያንጠባጠብኩት። የመጀመሪያው ዙር ሁሉም ጭራ አወጣ፣ ልጆቹ አይጥ አይጥ እያሉ ሳይቀዘቅዝ ጨረሱት።