ስፕሬይ የተቀባ ሞዴል መኪና ለምን ይሻክራል? (ጥያቄና መልስ)

ሰማያዊ ቮልስ (አዲስ አበባ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጃፓኑን ሞዴል አምራች የታሚያን 1/24 (ከእውነተኛው 24 ጊዜ ያነሰ) የፕላስቲክ ቮልስዋገን 1300 እየሠራሁ ነው፤ የ1966ቱን ሞዴል። ቦዲውን የቀባሁት በመኪና ስፕሬይ ነው፣ ከሶማሌ ተራ የተገዛ። ከራቅ ሲያዩት ያምራል። ብርሃን ሲያርፍበት ግን ጣሪያው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኗል። ፓራፋንጎው ላይ ደግሞ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። የረጨሁት በረንዳ ላይ ነው፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቀት። እንዳይንጠባጠብ ብዬ ሁሉንም ኮት (ንብርብር) ስስ አድርጌዋለሁ። ምን ላስተካክል? ይላጥ ወይስ በዚሁ ይድናል?

ጋራዥ ነኝ (አዲስ አበባ)፦
ወንድሜ፣ ሥራዬ የትልቁ መኪና ቀለም ነው። ሕጉ ግን አንድ ነው፦ ቀለም እርጥብ ሆኖ ማረፍ አለበት። ካረፈ በኋላም ራሱን የሚያስተካክልበት ጊዜ ይፈልጋል።

ያንተ ችግር ሁለት ነው። በጣትህ ዳስሰው። ፓራፋንጎው የሚሻክር ከሆነ ቀለሙ አየር ላይ እያለ ደርቆ ዱቄት ሆኖ ነው ያረፈው። ጣሪያው ለጣት ለስላሳ ሆኖ ለዓይን ከተጎረበጠ ደግሞ ጠብታዎቹ ደርሰዋል፣ ግን ሳይዋሃዱ ደርቀዋል። ሁለቱንም የሚያመጣው ርቀቱና የኮቱ መሳሳት ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ለዚህች ቦዲ ሩቅ ነው። ከ15 እስከ 20 አድርገው። በረንዳ ላይ ነፋስ ካለ ደግሞ ይብሳል።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗንም አትርሳ። እዚህ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ቲነሩ (የቀለሙ ማቅጠኛ) ቶሎ ይተናል። በበጋ እኩለ ቀን ላይ አትቀባ፤ ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ ይሻላል።

የወረቀት ቢላ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ልኬቱን ደግሞ አስቡት። በ1/24 ሞዴል ላይ የ0.1 ሚሊ ሜትር ጉብታ በእውነተኛው መኪና ላይ 2.4 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ለዚህ ነው ትንሽ ሻካራነት መኪናውን መጫወቻ የሚያስመስለው።

እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ቦዲውን በእቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥባለሁ፤ ከፋብሪካ የመጣ ቅባት ሊኖርበት ይችላል። ከዚያ በኋላ በጓንት ብቻ ነው የምነካው። የበሩንና የኮፈኑን መስመሮች በቢላ ጀርባ ቀስ ብዬ አጠልቃለሁ፤ ያለዚያ ቀለም ይሞላቸዋል። ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚረጭ መነሻ ቀለም) እረጫለሁ፣ ሚስተር ሰርፌሰር 1200 ወይም 1500። ሲደርቅ በውሃ በራሰ የብርጭቆ ወረቀት ዳበስ አደርገዋለሁ። ፕራይመሩ ከሻከረ ከላይ የሚመጣው ሁሉ ይሻክራል።

ቀለሙ ላይ የመጀመሪያው ኮት ጭጋግ ብቻ ነው፣ ፕላስቲኩ እየታየ። ሁለተኛው ትንሽ ይሸፍናል። የመጨረሻው ግን እርጥብ መሆን አለበት፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያብረቀርቅ። ሰው የሚፈራው ይህንን ኮት ነው፤ ልስላሴው የሚገኘውም ከዚሁ ነው። መርጨት የምትጀምረው ከቦዲው ውጪ ነው፣ የምትጨርሰውም ከቦዲው ውጪ። ቦዲው ላይ እጅህ ከቆመ ይንጠባጠባል።

ጣሳውን ደግሞ ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆየው። ቀለሙ ይቀጥናል፣ ግፊቱም ይጨምራል፣ ጠብታው ይደቃል።

ጋራዥ ነኝ፦
እህቴ፣ ጣሳ ማሞቁ አይጥመኝም። ውስጡ ጋዝ ነው። ልጁ ምድጃ ላይ ቢጥደውስ?

የወረቀት ቢላ፦
እውነትዎን ነው፣ ማብራራት ነበረብኝ። ምድጃ፣ ፀሐይ፣ የፈላ ውሃ በፍጹም አይሞከርም። ጣሳው ላይ ራሱ ከ50 ዲግሪ እንዳያልፍ ተጽፏል። ውሃው እጅ የማያቃጥል ይሁን፣ 40 ዲግሪ ገደማ። ከዚያ ጣሳውን አድርቀህ በደንብ ናጠው።

ሻርጃ ነዋሪ፦
እዚህ ችግራችን ተቃራኒው ነው። በሙቀቱ ወራት እርጥበቱ ከባድ ነው፣ ቀለሙ ሲደርቅ ነጭ ጉም ይለብሳል። ቲነሩ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፣ ከአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ላዩ ላይ ይቀመጣል። አዲስ አበባም በክረምት ያጋጥማችኋል። ዝናብ ሲያረግዝ አትቀቡ። ጉም ከለበሰ በደረቅ ቀን ስስ ክሊር (ቀለም አልባ ማብረቅረቂያ) ቢደረብበት ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

አቧራን በተመለከተ፦ ወለሉን ውሃ እርጩበት። ቦዲውን አሸዋ የተሞላ ሃይላንድ ላይ በቴፕ አስሩት፣ እጅ ሳይነካው ይሽከረከራል። ረጭታችሁ ስትጨርሱ ካርቶን ድፉበት።

ሰማያዊ ቮልስ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን የተቀባውንስ? ቲነር ውስጥ ልንከረው አስቤ ነበር።

ጋራዥ ነኝ፦
ተው! ቲነርም አሴቶንም ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። መላጥም አያስፈልግህም። በደንብ እስኪደርቅ ተወው። ከዚያ በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ በውሃና በጥቂት ሳሙና አስተካክለው። ኃይል አትጠቀም። ጠርዞቹን፣ የኮፈኑንና የፓራፋንጎውን ጫፍ በቀጭን ማስኪንግ ቴፕ ሸፍን፤ ቀለም ጠርዝ ላይ ስስ ነው፣ ሁለት ጊዜ ሲታሽ ፕላስቲኩ ብቅ ይላል። ለጥ ካለ በኋላ አንድ እርጥብ ኮት ድገመው።

ሌላም ነገር አለ። የመኪና ስፕሬይ ቲነሩ ኃይለኛ ነው፤ ባዶ ፕላስቲክ ላይ ከረጨኸው ሊነክሰው ይችላል፣ ቀጫጭን ስንጥቅ ያወጣል። ክፍሎቹ ተያይዘው የመጡበት ትርፍ ፍሬም አለህ አይደል? ሁልጊዜ መጀመሪያ እሱ ላይ ሞክር።

ጀማሪ ነኝ (ሐዋሳ)፦
በጥርስ ሳሙና ቢፖለሽስ? ሲያደርጉ አይቻለሁ።

የወረቀት ቢላ፦
ይሠራል፣ ግን የጥርስ ሳሙና ሁሉ እኩል አይደለም፤ አንዳንዱ ይቧጭራል። የመኪና ፖሊሽ ኮምፓውንድ ይሻላል፣ ሲሊኮን የሌለበት። ሲሊኮን ያለበትን ካሸህበት በኋላ ደግመህ ልትቀባ ብትል ቀለሙ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ይሠራል። ከ2000 ወደ 3000፣ ከዚያ ወደ ኮምፓውንድ ሂድ። ሜታሊክ ቀለም ከሆነ ግን ቀለሙን ራሱን አትሸው፣ ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ይበላሻል። መጀመሪያ ክሊር ደርብበት፣ የምታሸው ክሊሩን ብቻ ነው። ስቲከር የሚለጠፍ ካለ ከክሊሩ በፊት ለጥፈው፤ የመጀመሪያዎቹ የክሊር ኮቶች ጭጋግ ይሁኑ፣ ያለዚያ ስቲከሩን ያሸበሽቡታል።

እባካችሁ የአቧራ ማስክ በቂ ነው አትበሉ። የቲነር ትነት ያልፈዋል። የኬሚካል ትነት የሚይዝ ካርትሪጅ ያለው ማስክ ግዙ፣ ልጆችንም አርቁ።

ሰማያዊ ቮልስ፦
የመጨረሻ ጥያቄ። ለማሸት መድረሱን በምን አውቃለሁ? ሲነካማ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደርቋል።

ጋራዥ ነኝ፦
ላዩ ነው የደረቀው። አፍንጫህን አስጠግተህ አሽትተው። የቀለም ሽታ ካለው ቲነሩ ገና እየወጣ ነው፣ ወረቀት አታስነካው። ቢያንስ ሳምንት ስጠው። ሽታው ሲጠፋ ጀምር።