የቆየ ቡልኮ ወይም ጋቢ ከየት እንደመጣ ለማወቅ የት ልውሰደው? (ጥቆማ)

የአያት ቡልኮ ወይም ጋቢ ከሣጥን አውጥታችሁ «የት ተሠራ? የማን እጅ ነው?» ለምትሉ፣ የኔ ጥቆማ ይኼው።

ሽሮ ሜዳ ሂዱ። ግን ሱቅ ለሱቅ አትዙሩ፤ ነጋዴው የሚነግራችሁ ዋጋውን ነው። ሰፈር ውስጥ ገብታችሁ ሸማኔዎቹን፣ በተለይ በዕድሜ ገፋ ያሉትን አባቶች ጠይቁ። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ስለሆኑ ቡልኮን ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ጊዜና አቅም ያለው ደግሞ አርባ ምንጭ ወርዶ ወደ ጨንቻ በሚያወጣው መንገድ ዶርዜ ይሂድ፤ ሴቶቹ ሲፈትሉ ወንዶቹ ሲሸምኑ እያያችሁ የናንተን ጨርቅ ከአዲሱ ጋር ማስተያየት ትችላላችሁ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

ቸርችል ጎዳና ያሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ለዚህ ጉዳይ አይሆኑም። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ግን ዓይን ለማስለመድ ጥሩ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ራሳችሁ ድሩን (በቁመት የተወጠረውን ክር) እና ማጉን (በአግድም የሚገባውን ክር) ለዩ። ማጉ የእጅ ፈትል፣ ድሩ ደግሞ እኩል የሆነ የፋብሪካ ክር ከሆነ ዛሬም እንደዚያ ይሠራል፤ ስለዚህ ዕድሜውን አይነግራችሁም። ድሩም ማጉም አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን የሚል ፈትል ከሆነ ግን በደንብ ያዙት፣ ወይ የቆየ ነው ወይ ሁሉም ክር ቤት ውስጥ ከሚፈተልበት ገጠር የመጣ ነው። መሃል ላይ ያለውን መጋጠሚያ ስፌትም እዩት፣ በእጅ ነው በመኪና? በኋላ በመኪና የተደገመ ስለሚኖር እሱን ብቻ አትመኑ። «የድሮ ነው» ተብላችሁ የምትገዙ ከሆነ ከዳር አንድ ክር መዛችሁ ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ይጠጥራል።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ፈታይዋና ሸማኔው አንድ ሰው አይደሉም። እናቶች ቤት ውስጥ በእንዝርት ፈትለው ለሸማኔ ይሰጡ ስለነበር ሸማኔ የሚነግራችሁ ስለ አሸማመኑ ነው፣ ማን ፈተለችው የሚለውን የሚያውቁት የቤተሰብ ሽማግሌዎች ናቸው። እነሱን ቶሎ ጠይቁ፣ ድምፃቸውንም ቅዱ።

በረኪና እንዳታስነኩት፣ ክሩን ይበላዋል። ፌስታል ውስጥም አታቆዩት፣ በንጹሕ አቡጀዴ ጠቅልሉት። ውጭ አገር የምትኖሩ ደግሞ የቆየ ዕቃ ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የቅርስ ባለሥልጣን ጋ ሄዳችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ኤርፖርት ላይ ከመጨቃጨቅ ይሻላል።