ሽሮ በእጅ ሲበላ እንዳይንጠባጠብ

ጥያቄ፦ እንጀራ በልተው ለማያውቁ እንግዶች ሽሮ ላቀርብ ነው። እንጀራው እየተቀደደ ወጡ እንዳይንጠባጠብባቸው ሰጋሁ። ሹካ ልጨምር?

መልስ 1፦ ሹካው ይቅር እህቴ፤ እንጀራውን ይቦጫጭቀዋል እንጂ አይጠቀልልም። በቀኝ እጃቸው ከዳር ጀምረው የሦስት ጣት ስፋት ያህል ይቁረሱ። ዓይኑን ወደ ወጡ አዙረው ይጫኑት፤ ወጡን የሚይዘው ዓይኑ ነው። ከዚያ ጠርዙን በጣት ወደ ውስጥ ይሰብስቡ። የሚንጠባጠበው ቁራሹ አንሶ ወጡ ሲበዛ ነው።

መልስ 2፦ እንጀራ ሳይበርድ ከተደራረበ ይጣበቃል፣ ሲቆረስም ይቀደዳል። ሽሮው ከቀጠነ ክዳኑን ከፍተሽ በዝግታ እሳት አንተክትኪው። ሳታስታጥቢያቸው ግን እንዳታቀርቢ!

መልስ 3፦ ማንኪያም ቦታ አለው፤ የጉራጌ ክትፎ በቀንድ ማንኪያ ይበላል። ለሽሮ ግን እጅ ይሻላል፤ ትኩሳቱን ጣት ቀድሞ ስለሚያውቀው አፍ አይቃጠልም።