ለደጋው ብርድ፦ ምን ይነበብ፣ ምን ይታይ?

ሰሞኑን «ጥሩ መጽሐፍ ጠቁመን» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ሌላው ደግሞ «ማንበቡ ይቆየን፣ የሚታይ ንገረን» ይላል። ሁለታችሁንም አንድ ላይ ልመልስ። ደብረ ብርሃን ላይ ከመሸ በኋላ ውጭ መቆም ቅጣት ነው። ባና ያለው ባናውን፣ የሌለው የፋብሪካውን ብርድ ልብስ ደርቦ ቤቱ ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ረጅም ነው።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። እኛ የሰሜን ሸዋ ሰዎች አጠገባችን ያለውን አናነብም። ከበደ ሚካኤል የመንዝ ልጅ ናቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ከመርሐቤቴ ናቸው። ዳኛቸው ወርቁ የደብረ ሲና ልጅ ነው። ስማቸውን በፈተና ወረቀት ላይ እናውቀዋለን፣ መጽሐፋቸውን ግን ገልጠን አናይም። ስለዚህ ጥቆማዬ ለአገር ልጅ ያደላል። የሌላውንም አልተውኩም፣ ቀጥላችሁ አንብቡ።

ከሁሉም የማስቀድመው የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ»ን ነው። የታተመው በ1962 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ የሚሄደውም እዚሁ፣ በደብረ ሲና አካባቢ ነው። አደፍርስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ያኔ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወጥተው አገር የሚያገለግሉበት ደንብ ነበር፤ እሱም በዚያ ሰበብ ገጠር ይገባል። ያገኘውን ሁሉ ይሟገታል፣ ሁሉን በንባብ ባወቀው ይለካል። በወዲያ በኩል ወይዘሮ አሰጋሽ አሉ። መሬት አላቸው፣ ሙግት አላቸው፣ ነገር ያውቃሉ። ልጁን እንደ ጅል አዩት ስትሉ ደግሞ አንዳንዴ የሚያሸንፉት እሳቸው ይሆናሉ። ማን ልክ እንደሆነ ደራሲው አይነግረንም። እኔ የምወድለት ይህንን ነው።

ከባድ ነው ወይ? አዎ፣ ከባድ ነው። ማን እየተናገረ እንደሆነ የሚጠፋባችሁ ገጽ አለ። ጨዋታው ይቆራረጣል፣ ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ አማርኛው የጠና ነው። ዳኛቸው ከአምሳሉ አክሊሉ ጋር ሆኖ «የአማርኛ ፈሊጦች»ን ያዘጋጀ ሰው መሆኑን አትርሱ። ቋንቋው የሚፈስለት እንዲህ በዋዛ አይደለም። ግን እኛ ከአዲስ አበባ አንባቢ የምንሻልበት ነገር አለ፦ ቤታችን ውስጥ በዚህ አማርኛ ያደጉ ሰዎች አሉ። ደብረ ሲና የምታስተምር ጓደኛዬ መጽሐፉን የጨረሰችው ማታ ማታ ለእናቷ ጮክ ብላ እያነበበች ነው። እሷ የተደናቀፈችበትን እናቷ ሳቅ እያሉ ያስረዷታል። ወይዘሮ አሰጋሽ ሲናገሩማ «ይቺን ሴትዮ አውቃታለሁ» ይላሉ አሉ። እኔም ከዚህ የተሻለ የማንበቢያ መንገድ አላውቅም።

ቢሆንም ልቦለድ ለመልመድ ገና የሆነ ሰው በ«አደፍርስ» አይጀምር። ሠላሳ ገጽ ሳይሞላ ይወረውረዋል። ለእሱ «ኦሮማይ» ይሻለዋል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያወጣው ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ደርግ በኤርትራ ከከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጋር አሥመራ ይሄዳል፣ እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ እዚያ ፊያሜታን ያገኛል። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ አያስቀምጣችሁም። ከገበያ ተሰብስቦ ነበር፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ይህንን እያወቁ ሲያነቡት እያንዳንዱ ቀልድ ሌላ ክብደት ይኖረዋል። መንገድ ላይም ይነበባል። ጣርማ በርን ስትወርዱ ግን ዝጉት፣ ያዞራችኋል።

ልጆች ላሏችሁ የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» ግዙ። ሌላ አማራጭ አላቀርብም። ግጥሙ ቤት ስለሚመታ ልጆቹ ሳታስገድዷቸው በቃላቸው ይይዙታል። እናንተም ከትምህርት ቤት የቀረ ጥቂት ስንኝ ይኖራችኋልና አብራችሁ ትላላችሁ። አሁን ገበያው ላይ የሞሉት ባለ ቀለም ሥዕል የልጆች መጻሕፍት ያምራሉ፤ ብዙዎቹ ግን አማርኛቸው ጣዕም የለውም።

ታሪክ የሚወድ ሰው የተክለ ጻድቅ መኩሪያን ሦስቱን ጥራዞች ይያዝ፦ ቴዎድሮስ፣ ዮሐንስ፣ ምኒልክ። እሳቸውም የአሳግርት ሰው ናቸው። ወፋፍራም መጻሕፍት ስለሆኑ በአንድ ክረምት አያልቁም።

የኅሩይን «አዲስ ዓለም»ን የምጠቁመው ደግሞ ለተለየ ሰው ነው። ቤተሰብ ውስጥ በተዝካር ድግስ ወጪ ተጨቃጭቃችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ይህ መጽሐፍ ለእናንተ ነው። አውሮፓ ተምሮ የተመለሰ ልጅ አባቱ ሲሞት ከዘመድ ጋር የሚገባበት ጭቅጭቅ ነው። የተጻፈው ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው፤ ጭቅጭቁ ግን ባለፈው ወር የሰማሁት ይመስለኛል።

አሁን ወደማያነቡት እንምጣ። ማንበብ የማይወድ ሰው አለ፣ መስማት የማይወድ ግን አላገኘሁም። «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው አለላችሁ። ትረካውንና መጽሐፉን ለሚያወዳድሩ የኔ ፍርድ ይህ ነው። ፊታውራሪ መሸሻን በወጋየሁ ድምፅ መስማት ይበልጣል። ቁጣቸውን፣ ኩራታቸውን፣ አጉል ጀግንነታቸውን እንደሱ አድርጌ በልቤ ማንበብ አልችልም። ጉዱ ካሣን ግን ከወረቀት ላይ አንብቡት። ክርክሩ ረጅም ነው፣ ቆም ብሎ መለስ ማለት ይፈልጋል፤ ትረካ ደግሞ አይጠብቃችሁም። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሱ አውርዳችሁ ያዙት። በፓኬጅ እየሰማችሁ ከሆነ ሒሳቡ ያስመርራችኋል። መብራት በሚጠፋበት ማታም ቢሆን ስልኩ ቻርጅ ካለው ይበቃል።

ፊልም ላይ ብዙ አልናገርም፤ ከሁለቱ አንዱን እዩ። «ላምብ» የያሬድ ዘለቀ ሥራ ነው። በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋ ከተመረጡት ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱ ሞታበት ዘመድ ቤት ይቀመጣል፤ ከበጉ በቀር ጓደኛ የለውም። አጎቱ ደግሞ በጉ ለበዓል ይታረድ ይላል። ለመንዝ ልጅ ይህ ፊልም አይደለም፣ የቤቱ ጉዳይ ነው። ልጁ ወጥ መሥራት መውደዱና ወንዶቹ መናደዳቸው ደግሞ ለብቻው ያስቃል። ቤተሰብ ተሰብስቦ ሊያየው ይችላል።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ግን ለልጆች አይሆንም። ከጀርመን አገር የተመለሰው አንበርብር የሚያየው ደርግ ዘመን ከባድ ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ይሄዳል፣ ወደኋላና ወደፊትም ይመላለሳል። በ2008 ቬኒስ ላይ ተሸልሟል። እኔ ከ«ላምብ» አስበልጠዋለሁ፣ ባለቤቴ ግን አትስማማም። ፍላሽ ላይ አስጭናችሁ የምትወስዱ ከሆነ እዚያው ሱቁ ውስጥ መጨረሻውን ከፍታችሁ እዩ። አንድ ቤት የጫነልኝ ግማሽ ላይ የሚቆም ነበር።

ተከታታይ ድራማ የምትሉ፣ በአርትስ ቲቪ የቀረበውን «እረኛዬ»ን ፈልጉ። የገጠር ሰው መሳቂያ ሆኖ ያልቀረበበት ድራማ ስለሆነ ነው። ድርብወርቅ ሰይፉ እናናን ሆና ስትቀመጥ፣ ስትነሳ፣ ዝም ስትል ሳይቀር የምናውቃት ሴት ናት። ከድሮዎቹ «ሰው ለሰው» እስካሁን አላረጀም፤ የአበበ ባልቻ አስናቀ ብቻውን ያስቀምጣል። መሐል ላይ የተጎተተበት ቦታ አለ፣ እለፉት። የቱርኮቹን ትርጉም ድራማ አልቃወምም። እናቴ እሱ ሳያልቅ እራት አታቀርብም፣ ምን አቅም አለኝ?

የት ይገኛል ላላችሁኝ። ደብረ ብርሃን መንገድ ዳር ዘርግተው የሚሸጡት ዘንድ በብዛት ያለው አዲስ ልቦለድና የሥነ ልቦና ትርጉም ነው። «ኦሮማይ»ና «ፍቅር እስከ መቃብር» አይጠፉም። «አደፍርስ»ን ግን አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው መላክ ይሻላል፤ 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለስ ሰው አይጠፋም። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ይጠይቅላችሁ። ፎቶ ኮፒ ከሆነ ገጹ መሙላቱን ይቁጠር፤ ዋጋውንም እንደ ዋናው አይክፈል። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚማር ዘመድ ያለው ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱን ያስፈትሽ። በቴሌግራም የሚዞረው ፒዲኤፍ ለአጫጭር ጽሑፍ ይሆናል። «አደፍርስ»ን በስልክ ማንበብ ግን ዓይንንም መጽሐፉንም መጉዳት ነው።

መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ፣ ሸዋ ሮቢት ያላችሁ፣ እናንተ ጋ መጽሐፍ የሚያከራይ ወይም የሚያውስ ቤት ካለ ጻፉልን። የ«አዲስ ዓለም»ን ንጹሕ ቅጂ ያየ ሰው ካለ ደግሞ ዋጋውን ጨምሮ ይንገረኝ፤ የኔን የተዋሰ ሰው አልመለሰልኝም።