ዓይነ ስውራን ያለ ሰው እርዳታ የሚጭኑት ሊኑክስ፦ ደሴ ላይ ሙከራ ልንጀምር ነው፣ ከየት እንጀምር?

ሰኞ ገበያ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ላይ ስድስት ያገለገሉ ላፕቶፖች ተገኝተዋል። ሁሉም 4 ጂቢ ራም አላቸው፣ የሁለቱ ባትሪ ሞቷል። በዊንዶውስ ኤንቪዲኤን (ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ስክሪን ሪደር) የለመዱ አምስት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች አንድ ክፍት ምንጭ ሲስተም ከመጫን ጀምሮ ራሳቸው እንዲፈትሹት ነው ሐሳቡ። የቱን እንምረጥ? ሲጫን ከመጀመሪያው የሚናገር አለ? የአማርኛ ድምፁስ ለትምህርት ይበቃል? ኢንተርኔቱ ስለሚቆራረጥ ብዙ ማውረድ አንችልም።

ሃረጎ

አብሽሩ፣ የሚናገር አለ። ዴቢያን የተባለውን ሊኑክስ ውሰዱ። ለዓይነ ስውራን ተብለው የተሠሩም አሉ፤ ስሊንት ስላክዌርን፣ አክሰሲብል ኮኮነት ደግሞ ኡቡንቱ ማቴን መሠረት ያደረጉ ናቸው። ጥሩ ናቸው፣ ግን እንዲህ ያሉትን የሚያዘጋጁት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ቪኑክስና ሶናርም እንደዚሁ ተጀምረው ቀርተዋል። ተማሪ ለምዶት የሚቀር ሲስተም አትስጡት።

ኢንተርኔት ከቸገራችሁ ትንሹን ፋይል አታውርዱ። እሱ ከ1 ጂቢ በታች ቢሆንም ዴስክቶፑን ሲጭን ከኢንተርኔት ይጎትታል፤ መሀል ላይ ሲቋረጥ ስድስቱንም ማሽን ያስቸግራችኋል። የመጀመሪያውን ዲቪዲ አንዴ አውርዳችሁ በ8 ጂቢ ፍላሽ ላይ ጻፉት፤ 4 ጂቢ ገደማ ነው። ፍላሽ ላይ በሚጽፈው ፕሮግራም፣ በሩፈስ ስትጽፉ አይኤስኦ ወይስ ዲዲ ብሎ ሲጠይቅ ዲዲን ምረጡ። ከዴቢያን 12 (2023) በፊት የነበረውን አትንኩ፤ ከዚያ ወዲህ ነው ፈርምዌር (ድምፅ ካርድን የመሰለ ዕቃ ለመነሳት የሚፈልገው ሶፍትዌር) አብሮ የሚመጣው። አንዳንድ ላፕቶፕ ያለ ፈርምዌር ድምፅ ካርዱ አይነሳም፣ ድምፅ ከሌለ ደግሞ ዓይነ ስውሩ ምንም የለውም።

አጫጫኑ እንዲህ ነው። ሽቦ ያለው ኢርፎን ሰኩ፤ ብሉቱዝ እዚያ ላይ አይሠራም። ኤችዲኤምአይ ገመድ ካለ ንቀሉት፣ ሞኒተሩ እንደ ሁለተኛ ድምፅ ካርድ ይቆጠራል። ፍላሹ ሲነሳ ቢፕ ይላል፤ በአሮጌው ባዮስ (ማሽኑን መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም) አንዴ፣ በአዲሱ ዓይነት በዩኢኤፍአይ ሁለቴ። ያን ጊዜ የኤስን ቁልፍ፣ ቀጥሎ ኢንተርን መጫን ነው። ቢፑ የማይሰማበት ላፕቶፕ ብዙ ስለሆነ ካልሰማችሁ ትንሽ ጠብቃችሁ ኤስና ኢንተርን ተጫኑ። ድምፅ ካርዱ ከአንድ በላይ ከሆነ በየተራ ይናገራሉ፤ በምትሰሙት ላይ ኢንተር ስትሉ ያ ይመረጣል። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ጥያቄ በቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ጽፎ ኢንተር። ዴስክቶፕ ሲጠይቅ ማቴን ምረጡ፣ ለ4 ጂቢ ቀላል ነው።

የማይናገረው ባዮሱ ብቻ ነው። በፍላሽ ማስነሻው ብዙ ጊዜ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ነው። ፍላሽ እንዲቀድም አንዴ በሚያይ ሰው አስተካክሉት፤ ይህንንም በመዝገባችሁ ላይ «የዓይን እርዳታ 1» ብላችሁ ጻፉት። ባትሪያቸው የሞተውን ሁለቱን መብራት በማይጠፋበት ሰዓት ጫኗቸው።

ቦርከና

ከላይ ባለው እስማማለሁ። የምጨምረው ስለ አፈታተኑ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ስለሆነ።

የሚያይ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቢሞክር ፈተና አይሆንም። የስክሪን ሪደር ቁልፎችን አያውቅምና ሲስተሙ የሌለበትን ጥፋት ይጽፍበታል፣ ያለበትን ደግሞ ያልፈዋል። የሚፈትሹት ተማሪዎቹ ይሁኑ። የሚያየው ሰው ስክሪኑ ላይ ነጠላ ጥሎበት ከጎን ይቀመጥ፣ እጁን ከኪቦርዱ ያርቅ፣ «ወደ ታች ነው» ብሎ አይጠቁም። ሥራው መጻፍ ነው፦ ምን ቁልፍ ተጫነ፣ ምን ተሰማ፣ ምን መሰማት ነበረበት፣ የኦርካ (የሊኑክሱ ስክሪን ሪደር) ስሪት ስንት ነው። «አልሠራም» የሚል ሪፖርት ለማንም አይጠቅምም።

ኤንቪዲኤ ለለመደ ሰው ኦርካ ብዙ አይከብድም። ኢንሰርትና ኤች ሲጫኑ መለማመጃው ይከፈታል፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ሥራውን ይናገራል፤ በኤስኬፕ ይወጣል። ኢንሰርትና ስፔስ ማስተካከያውን ያመጣል። ፋየርፎክስ ላይ ኤች ከርዕስ ወደ ርዕስ፣ ኬ ከሊንክ ወደ ሊንክ ይዘላል። ድንገት ዝም ካለ ማሽኑን አታጥፉ፤ አልትና ኤፍ2 ተጭናችሁ «ኦርካ»፣ ክፍት ቦታ፣ ሁለት ሰረዝ፣ «ሪፕሌስ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። ዝምታው ግን ይመዝገብ፤ ምን ሲከፈት እንደመጣ ካልታወቀ አይታረምም።

የትምህርት ፋይሎችንም ለዩ። ስካን የተደረገ ሶፍት ኮፒ ፎቶ ስለሆነ ኦርካ ምንም አያነብበትም፣ መጀመሪያ በቴሰራክት ወደ ጽሑፍ መለወጥ አለበት፤ የአማርኛ ዳታ አለው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ደረጃ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ይመስላል፣ ሲነበብ የተዘበራረቀ እንግሊዝኛ ይሆናል። ያ የስክሪን ሪደሩ ጥፋት አይደለም፣ ተማሪዎቹ ላይ ግን የሚወድቀው ሸክም ያው ነው።

አልፋው አ

ስለ ድምፁ። ኢስፒክ ኤንጂ (ኦርካ የሚናገርበት የድምፅ ፕሮግራም) አማርኛ ያነባል፣ ኦርካ ማስተካከያ ውስጥ ድምፅ የሚለው ገጽ ላይ ይመረጣል። የሮቦት ድምፅ ነው፤ ያ ይለመዳል። ከባዱ ሌላ ነው፦ ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ ማሽኑም አይለይም። ለመፈተሻ እነዚህን አስነብቡ፦ «ዋና ተማረ»፣ «ዋና ጸሐፊ»፣ «ገና አልመጣም»፣ «የገና በዓል»፣ «ልብስ ሰፊ»፣ «ሰፊ መንገድ»፣ «ልጁ ይመታል»። በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ካነበበ የትኛውን እንዳበላሸ ጻፉ። አራት ነጥብ ላይ ማረፉን፣ «፳፭» ብላችሁ በግእዝ ቁጥር ስትጽፉም የሚለውን ስሙ። የንባብ ደንቡ ክፍት ፋይል ነው፤ ስማችሁን ሳይሆን ቃሉን፣ የተሰማውንና ትክክሉን ዘርዝራችሁ ለፕሮጀክቱ ላኩ። ከውጭ ሆኖ ይህን ሊሰማ የሚችል የለም፣ አማርኛ አፉን የፈታ ጆሮ ነው የሚያስፈልገው።

ሲጻፍም አንድ ነገር አለ። በሴራ አጻጻፍ (አማርኛን በላቲን ቁልፎች መጻፊያ ዘዴ) «ለ»ን ለማግኘት ሁለት የላቲን ቁልፍ ይነካል፤ ኦርካ ቁልፍ በቁልፍ እንዲናገር ከተደረገ የሚሰማው የእንግሊዝኛው ፊደል ነው። እሱን አጥፍታችሁ ቃል በቃል እንዲናገር አድርጉት።

ሰኞ ገበያ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጣችሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሀ፣ ሐ እና ኀ በድምፅ አንድ ናቸው። ተማሪው «ሐይቅ» ብሎ ሲጽፍ በየትኛው እንደጻፈ በምን ያውቃል? የብሬል ማሳያ የለንም።

አልፋው አ

ኦርካ ላይ መንገድ አለ። በቁጥር ሰሌዳው 2ን አንዴ ሲጫኑት ያሉበትን ፊደል ያነባል፤ ሦስቴ አከታትለው ሲጫኑት የዩኒኮድ ቁጥሩን ይናገራል። የቁጥር ሰሌዳ በሌለው ላፕቶፕ የኦርካን የቁልፍ አቀማመጥ ወደ ላፕቶፕ ለውጡትና ካፕስ ሎክን ይዞ ኮማን ሦስቴ ነው። የሚያዙት ቁጥሮች ጥቂት ናቸው፦ ሃሌታው ሀ 1200፣ ሐመሩ ሐ 1210፣ ብዙኃኑ ኀ 1280። ንጉሡ ሠ 1220፣ እሳቱ ሰ 1230። ጸሎቱ ጸ 1338፣ ፀሐዩ ፀ 1340። ይህ የግእዙ ብቻ ነው፤ ካዕቡ አንድ፣ ሣልሱ ሁለት እያለ ይጨምራል፣ ስለዚህ ሑ 1211 ነው። ዘገምተኛ መንገድ ነው፣ ለእያንዳንዱ ቃል አይሆንም። ትክክለኛው መፍትሔ ድምፁ ራሱ ፊደል ሲቆጥር «ሐመሩ ሐ» እንዲል ማድረግ ነውና ከምትልኩት ዝርዝር ላይ ይህን አንደኛ አድርጉት።